ለአንድ መንጋጋ ስንት ቀጠሮ?

ቆሎ ውስጥ የተደበቀች ጠጠር መንጋጋ ስትሸርፍ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል። ጥርስን ከላይ የሸፈነው ኢናሜል ከሰው አካል ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አጥንትም አይስተካከለውም። ግን ሕይወት ያለው ሴል የለውም። የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፣ የተሸረፈ ጥርስ እንደተሸረፈ ይቀራል።

በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራ ሰው ጥርሱን ሲያመው ከሕመሙ እኩል የሚያስጨንቀው ፈቃድ ነው። ማስነቀል በአንድ ቀን ያልቃል። ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ የሚያለብስ ሽፋን፣ ማስገጠም ግን ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ የሥር ሕክምና ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያም በላይ። ዋጋውም ከማስነቀል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ “ንቀሉልኝና ልገላገል” የሚለው ሰው አይፈረድበትም።

ችግሩ ግን አለመገላገሉ ነው። መንጋጋ ሲነቀል ጎን ለጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውም ተቃራኒ ስላጣ ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ክፍተቱን በድልድይ ልሙላ ቢባል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች፣ ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ፣ ተሞርደው መሸፈን አለባቸው። አንድ ክራውን የተቆጠበበት አፍ በመጨረሻ የሦስት ጥርስ ዋጋ ይከፍላል።

ክራውን የሚታሰበው የጥርሱ ሥር ጤነኛ ወይም መዳን የሚችል ሆኖ አናቱ ሲጎዳ ነው፦ ቀዳዳው ለመሙላት ሲሰፋ፣ ጥርሱ ሲሰነጠቅ፣ ወይም መንጋጋ የሥር ሕክምና ሲደረግለት። የሥር ሕክምና የተመረዘውን ነርቭ አውጥቶ ባዶውን ቦይ መሙላት ነው። እንዲህ ያለ መንጋጋ አብዛኛው አካሉ ስለተቦረቦረ ሳይሸፈን ከቆየ አንድ ቀን እንጀራ ሲበላ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሕመሙ ሲተው ቀጠሮውን የሚተው ሰው ጥርሱን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ግን ክራውን አይፈልግም፤ መሙላት ይበቃዋል።

ሐኪሙ አካባቢውን አደንዝዞ ጥርሱን ዙሪያውን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሞርደዋል፣ ልኩን ይወስዳል፣ ጊዜያዊ ሽፋን ያለብሰዋል። ልኩ ወደ ጥርስ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ ባለሙያው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙ በእሳት ይወገድና በቦታው የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ብረት አቅልጦ መለዋወጫ በሚሠራባት በአቃቂ ይህ እንግዳ ሙያ አይደለም፣ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። ዛሬ ኮምፒውተር ሥራውን እያቀለለው ነው፤ በዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ ቀጠሮ ልክ ወስዶ፣ ቀርጾ የሚገጥም ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ተሞክሯል።

ሙሉ ብረት ክራውን ጠንካራና ቀጭን ስለሆነ ከጥርሱ ብዙ አያስሞርድም፤ ለኋላ መንጋጋ ማን ሊያየው? ብረት ላይ የተለበጠ ፖርስሊን የጥርስ መልክ አለው፣ ግን ሊሸረፍ ይችላል፤ ድድ ሲሸሽም ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ነጭም ጠንካራም ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ለጌጥ ሲባል ደህና የፊት ጥርስን አስሞርዶ ወርቅ ማልበስ የከረመ ልማድ ነው። የተሞረደ ኢናሜል ግን አይበቅልም፤ ወርቁ ቢሰለች ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሽፋን ሲፈልግ ይኖራል።

በቃሊቲ በኩል ወደ ሞጆና አዳማ የሚዘልቀው መንገድ ስለ ጥርስ ሌላም ታሪክ አለው። መንገዱ በሚወርድበት በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠፈሮች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተለክቷል። በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ያን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ በልዞ ይበቅላል። ብዙዎች በሰፍነግና በከሰል ሊያስለቅቁት ይታገላሉ፤ ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ አይለቅም፣ የሚያልቀው ኢናሜሉ ነው። መልኩ ብቻ ከተለወጠ ሐኪም በማንጣት ወይም ስስ ልባጥ በመለጠፍ ሊያሻሽለው ይችላል። ክራውን የሚመጣው ኢናሜሉ እየተፈረፈረ ሲሄድ ነው።

የተገጠመ ክራውን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ የሚያልፍም አለ። እሱ ራሱ አይቦረቦርም፤ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ያለው ጥርስ ግን ሊበላ ይችላል። በብሩሽም ይሁን በመፋቂያ ያ ጠርዝ ነው መታሰብ ያለበት። የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት ለተፈጥሮውም አይበጅም፣ ለፖርስሊን ደግሞ ጭራሽ። ጊዜያዊው ሽፋን ከወለቀ ደግሞ ቀጠሮው እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው፤ የተሞረደው ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ከቆየም ይንቀሳቀስና አዲሱ ክራውን አልገጥም ይላል። ዋናው ከተገጠመ በኋላ ሲነክሱ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ሐኪሙ በደቂቃዎች ያስተካክለዋል። “ይለመዳል” ተብሎ ሲተው ግን ከሥሩ ያለው ጥርስ በየጉርሻው እየተመታ መታመም ይጀምራል።