ስለ ተሰነጠቀው ጥርሳም መዘውር

በአውሮጳና በአሜሪካ አገር አባትና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አሳንሶ ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውም ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው።

ያገለገለውን ባቡር በርካሽ የገዛ አባት፥ ሞተሩ እየዞረ ባቡሩ ሲያነክስ ቢያይ፥ መንኰራኵሩም በዞረ ቍጥር ቀጭ የሚል ድምፅ ቢሰማ፥ በልጁ ፊት «ተታለልሁ» ብሎ አይጣለው። በሞተሩም ላይ ፈጥኖ አይፍረድ፤ አስቀድሞ በመንኰራኵሮቹ ዘንግ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጥርሳም መዘውር ይመርምር። ይህ መዘውር በብረቱ ዘንግ ላይ እጅግ ጠብቆ የገባ ስለ ሆነ፥ ዕድሜው ሲረዝም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲከፈት ሁለት ጥርሶች ይራራቃሉ፤ ከእነርሱ ጋራ የሚገጥመውም ጥርስ በዚያ ይሰናከላል።

ሙጫ ይህን አያድነውም፤ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሙጫን በደኅና አይቀበልም፥ የሚወጥረውም ዘንግ ከውስጡ አልወጣም። መድኃኒቱ አንዱን መንኰራኵር ሳያጣምሙ ከዘንጉ አውጥቶ፥ በጥርሱ ቍጥርና በቀዳዳው ስፋት ልክ የሆነ አዲስ መዘውር መተካት፥ የመንኰራኵሮቹንም ርቀት እንደ ቀድሞው ለክቶ መመለስ ነው።

ጥርሱን ግን ልጁ ይቍጠረው። ባቡሩ ዳግመኛ ሲሄድ ያየ ልጅ፥ የተበላሸ ሁሉ እንደማይጣል ከአባቱ ምክር ይልቅ በገዛ እጁ ሥራ ይማረዋል።