ኦፔራ የሚደርስ የሙዚቃ ባለሙያ ጊዜና የተረጋጋ ኑሮ ያስፈልገዋል

በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ታጅቦ የሚቀርበው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለዘመናዊ ኦፔራም መነሻ ሆኗል።

የኢትዮ-ጃዝ መሥራች ሙላቱ አስታጥቄ በ2000 ዓ.ም በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ በነበሩበት ወቅት የያሬድን ኦፔራ በመድረስ ከፊሉን በዚያው ዓመት ለመድረክ አብቅተዋል።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሳቸው ዜማዎች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተሰኙ ሦስት ስልቶች ይዜማሉ። ሙላቱ መቋሚያ ከአውሮፓውያኑ የኦርኬስትራ መሪ ዘንግ ቀድሞ ዜማን ለመምራት ሲያገለግል እንደኖረ ያስረዳሉ።

ኦፔራ ታሪክን በድምፃውያን፣ በኅብረ ዝማሬ፣ በኦርኬስትራና በትወና አጣምሮ የሚያቀርብ የሙዚቃ ቴአትር ነው። ደራሲው የእያንዳንዱን ድምፅና መሣሪያ ድርሻ በኖታ መጻፍ ስለሚኖርበት ሥራው ወራትን፣ ብሎም ዓመታትን ይጠይቃል።

ኑሯቸውን በምሽት ዝግጅቶችና በማስተማር ለሚደጉሙ ሙዚቀኞች ይህን ያህል ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ባለሙያው በገቢ ጭንቀት ሥራውን በየጊዜው ለማቋረጥ ሲገደድ ድርሰቱ ብቻ ሳይሆን የራሱም ደህንነት ይጎዳል። የራድክሊፍ ተቋም ለተመራማሪዎቹ የኑሮ ድጎማና የሥራ ክፍል የሚሰጠው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው።

በመሆኑም የባህልና ኪነ ጥበብ ዘርፍን የሚመሩ አካላት ለመሰል ሥራዎች በጀት ሲይዙ የመድረክ ወጪን ብቻ ሳይሆን ደራሲው ተረጋግቶ የሚጽፍበትን ጊዜ ጭምር ታሳቢ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።