ሕጉ የት ድረስ ይሠራል?

እዚህ ደጀን፣ ቅዳሜ ጠዋት የሒሳብ ቱቶሪያል ሲኖረን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይዘው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን አይደለም፤ ከቴሌግራም ያወረዱትን የአምናና የካቻምና ፈተና ነው። መልሱም አብሮ ተከብቧል። “ቲቸር፣ ይሄ ለምን ቢ ሆነ?” የሚለኝ ተማሪ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሳይጠይቅ ቢን ሸምድዶ የሚያልፈው ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ስለ ኩረጃው፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ በእኛ በአማራ ክልል በጸጥታው ምክንያት ስለተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ተብሏል፤ እኔም አልክድም። እኔ የማወራው ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ በየሳምንቱ ስለማየው ነው።

“የአንድ ቁጥር ስኩዌር ከራሱ ከቁጥሩ 5 እጥፍ ጋር እኩል ነው። ቁጥሩ ስንት ነው?” ብዬ ስሰጥ አብዛኛው ክፍል ኤክስን ከኤክስ ካንስል አድርጎ 5 ይላል። ፍጥነታቸው ደስ ይላል። 0ስ? የ0 ስኩዌር 0 ነው፤ የ0 አምስት እጥፍም 0። ተማሪው አንዱን መልስ በገዛ እጁ ሰረዘው ማለት ነው። ካንስል ማድረግ ማካፈል ነው፤ በ0 ማካፈል ደግሞ አይፈቀድም። ይህን ሕግ የማያውቅ ተማሪ የለኝም፤ ብትጠይቁት በቃሉ ይወጣዋል። ኤክስ ራሱ 0 ሊሆን እንደሚችል ግን አላሰበም። ጥያቄ አውጪው ይህን ስለሚያውቅ 5ን ብቻዋን ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጥለታል።

የ9 እና የ16 ድምር ስኩዌር ሩት 7 ነው የሚልም አይጠፋም። 25 ብሎ ደምሮ 5 ማለት አቅቶት አይደለም፤ ለማባዛት የሚሠራውን ሕግ ለመደመር አውሎት ነው። አንድን ሕግ ስትጠራጠሩ በትንንሽ ቁጥር ሞክሩት የምለውም ለዚህ ነው። 2 ከ5 ያንሳል። ሁለቱንም በኔጌቲቭ 1 አባዙ፤ ኔጌቲቭ 2 ከኔጌቲቭ 5 ይበልጣል። ምልክቱ ለምን እንደሚዞር ከዚያ ወዲያ መሸምደድ አያሻም። ካልኩሌተር የማይገባበት ፈተና ላይ ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም።

ሽምደዳ የአገሩ ጠባይ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። ከዚህ ተነስቶ በቢቸና በኩል ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር የቅኔ አገር ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስም በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ጉባኤ ቃና የተባለውን አጭር ቅኔ ሲቆጥር ግን የትናንቱን ደግሞ አያመልጥም። አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል።

እኔም ከዚያው ቀድቼ ተማሪዎቼን ጥያቄ አስወጣለሁ። አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ፤ ሦስቱ የተሳሳቱት ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ከየትኛው ስሕተት እንደሚመጡ ከሥሩ ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ የሚያመጡት ምርጫ የዘፈቀደ ቁጥር ነው። እያደር ግን ወጥመዱን ራሳቸው ማጥመድ ይለምዳሉ፤ ያጠመደ ደግሞ የሌላውንም ያውቃል። ሃምሳ አሮጌ ጥያቄ ከመሸምደድ አምስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማውጣትን እመርጣለሁ።

ለዘንድሮ ተፈታኞች፦ አሮጌውን ፈተና ተዉት አልልም፤ ሰዓት መመጠን ያስተምራል። መጀመሪያ ግን የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ አውጡና የራዲካልና የኢንኢኳሊቲን ምዕራፍ መልሱን ሳታዩ ሥሩ። ሶሻል የመረጣችሁም ሒሳብ የቀረላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ የእናንተም የሒሳብ ፈተና አለ።