ቆቃ ሲገደብ የቆላው ሣር የት ገባ?

የመብራታችን ታሪክ ሲነሳ ቆቃ ሁሌም ይጠቀሳል። አዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ ወጪው የተሸፈነው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው፤ 43 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከግድቡ በታች ስላሉት አርብቶ አደሮች ግን ብዙም አይወራም። ዛሬ እሱን እናያለን።

ከመተሐራ እስከ አፋር ያለው ቆላ ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። የከረዩና የአፋር ሰዎች ግን መላ ነበራቸው። ክረምት ደጋው ሲዘንብ አዋሽ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። ውሃው ሲሸሽ ደለልና እርጥበት ትቶ ይሄዳል፤ ሣር ይበቅላል። ከብቱ በዝናብ ወራት ራቅ ወዳሉት ሜዳዎች ይወጣል፣ በጋው ሲጠና ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ነገሩ ለመንዝ ልጅ አዲስ አይደለም። ጓሳ ለምን ተከልሎ እንደሚቆይ ታውቃላችሁ፦ ለክፉ ቀን ነው። የአዋሽ ዳርም ለቆላው ሰው እንደ ጓሳ ነበር።

ታዲያ ግድቡ ምን ለወጠ? የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ዓመቱን ሙሉ በመጠን መልቀቅ ጀመረ። ይሄ ለመብራትም ለመስኖም ተመቸ። በ1954 ዓ.ም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መተሐራ ላይ ሸንኮራ፣ አሚባራና ተንዳሆ ላይ ጥጥ ተስፋፋ። እርሻው የተዘረጋው ደግሞ ውሃ በሚደርሰው ለም ዳርቻ፣ ማለትም በጋ የሚያወጣው ግጦሽ ላይ ነው።

በካርታ ስታዩት የተወሰደው መሬት ከሰፊው ቆላ ጥቂት ነው። ግን ያቺ ጥቂት ከሌለች የቀረው ሜዳ ብቻውን ከብት በጋን አያሻግርም። በ1965 እና 66 ዓ.ም ድርቅ ሲመጣ መሸሺያው ጠቦ ነበር። አፋር ላይ እልቂቱ ከከፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

ለውጡ በዚህ አላበቃም። አሚባራ ላይ መስኖው የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አድርጎ ጨው ወደ ላይ አወጣ፤ ማሳዎች ጦም አደሩ። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍም ግጦሹን ወረረ። ቆቃ ራሱ ከላይኛው አዋሽ ታጥቦ በሚመጣ አፈር እየተሞላ ነው።

ወሬው የሩቅ እንዳይመስላችሁ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ውሃ የሚገባበት የከሰም ግድብም አፋር ውስጥ ለስኳር ልማት ተሠርቷል። ስለዚህ አዲስ ግድብ ሲባል ስንት ሜጋ ዋት፣ ስንት ሄክታር ብለን ብቻ አናቁም። የበጋው ሣር የማን ነበር? ከብቱስ ወዴት ይሂድ? ብለንም እንጠይቅ።