ሽቦውን ሳትለኩ አትጠምጥሙ!

ወላይታ ሶዶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጓደኛ አለኝ። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የፈታውን ሽቦ በዓይኑ ገምቶ የጎረቤቱን ቴፕ ትራንስፎርመር ጠመጠመበት። ማታ 220 ቮልት ላይ ሲሰኩት ጭስ በጭስ! ደግነቱ ሰዎቹ አልተኙም።

«ዓይኔ መቼ ይሳሳትና!» ባይ ነበር። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን መዳቡ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሽቦው ይግላል፣ ቫርኒሹ ይከስላል።

መላው ቀላል ነው። እርሳስ ላይ 20 ዙር አጠጋግታችሁ ጠምጥሙና በማስመሪያ ለኩት። 10 ሚሊሜትር ከመጣ ለ20 አካፍሉ፤ ከነቫርኒሹ 0.5 ሚሊሜትር ነው። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ቁጥር 24 ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፤ በዚህ እንዳትሸወዱ!

ጓደኛዬ ዛሬ እርሳስ ከኪሱ አይለይም። ከጎረቤቱ ጋር ግን እስካሁን እንደተኳረፉ ናቸው።