የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አስተማማኝነት በባለንብረቶች ዓይን

ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ዊንጌት አደባባይ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት የሚታየው የተሽከርካሪ ሰልፍ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው በአንድ ነገር ይለያል። በሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ ዕድሜ በጠገቡ ቶዮታዎችና በአይሱዙ የጭነት መኪናዎች መካከል ያለ ድምፅና ያለ ጭስ የሚንቀሳቀሱ፣ በአብዛኛው ቻይና ሠራሽ የሆኑ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቦታቸውን ይዘዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲሆኑ የሚበዙት ግን በግለሰቦች ቁጠባ፣ በባንክ ብድርና በዘመድ አዝማድ እገዛ የተገዙ ናቸው።

ለውጡ በድንገት የመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ የነዳጅ ተሽከርካሪዎችን ለማስገባት የሚከፈለውን ታክስ በከፍተኛ መጠን አሳደገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ የተገጣጠመው ሁንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለዕይታ በቃ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትነው የሚገቡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ በወቅቱ ተወሰነ። በመጨረሻም በጥር ወር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቁ።

በዚህም የተነሳ አዲስ አውቶሞቢል መግዛት የሚፈልግ ሰው ጥያቄ ተለውጧል። ቀደም ሲል ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ የሚል ምርጫ ነበር። አሁን ጥያቄው የገዛሁት ተሽከርካሪ ስንት ዓመት ያገለግለኛል፣ ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል የሚል ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ ቀድመው መልስ የፈለጉት በሌላው ዓለም ውድ የሆኑትን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የገዙ ሰዎች ናቸው። ከዘመናዊዎቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች አንዳንዶቹ ቀድመው ለገበያ የቀረቡት በቅንጦትና በስፖርት አውቶሞቢል መልክ በመሆኑ ከቀደሙት ችግሮች አንዳንዶቹም የደረሱት በእነርሱ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ በ2015 የታየው ሁኔታ ትምህርት ሰጪ ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት የቴስላ ሞዴል ኤስ አውቶሞቢልን ሞክሮ ከ100 ነጥብ 103 በመስጠት የመመዘኛ ሠንጠረዡን ራሱን እንዲያስተካክል ተገዶ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግን ከ1 ሺህ 400 ባለንብረቶች የሰበሰበውን ምላሽ መርምሮ አውቶሞቢሉን እንዲገዙ የሚሰጠውን ምክር አነሳ። ባለንብረቶቹ የጠቀሷቸው ችግሮች የማንቀሳቀሻ ሞተር ክፍል ብልሽት፣ የቻርጅ ማድረጊያ መሣሪያ ጉድለት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የበር እጀታዎች አለመከፈት፣ የመሐል መቆጣጠሪያ ስክሪን መበላሸትና ከጣሪያው የሚሰማ ድምፅ ነበሩ። ይሁንና ከእነዚሁ ባለንብረቶች መካከል 97 በመቶዎቹ ዳግመኛ የመግዛት ዕድል ቢያገኙ ያንኑ አውቶሞቢል እንደሚገዙ ገልጸዋል።

ይህ አኃዝ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ምክንያት አለው። አውቶሞቢሎቹ ገና በዋስትና ጊዜያቸው ላይ ነበሩ፤ ብልሽቱን አምራቹ በራሱ ወጪ ይጠግን ነበር። ባለንብረቱ የሚያጣው ጊዜ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ይህን ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ባለንብረት ብዙውን ጊዜ ይህ ከለላ የለውም።

ከዚያ በኋላ የታዩ ሌሎች አጋጣሚዎችም ብልሽቱ በአብዛኛው ከየት እንደሚመነጭ ያመለክታሉ። የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2019 ያቀረበው ታይካን የተባለ የኤሌክትሪክ ስፖርት አውቶሞቢል በጉዞ ላይ እያለ በድንገት ኃይል ሊያጣ እንደሚችል በመረጋገጡ እ.ኤ.አ በ2021 ወደ 43 ሺህ የሚጠጉ አውቶሞቢሎች ለጥገና ተጠርተዋል። መፍትሔው አዲስ ሶፍትዌር መጫን ነበር። በዚያው ዓመት ቴስላም ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ አውቶሞቢሎቹን የጠራው ሞተሩ ወይም ዋናው ባትሪ ችግር ኖሮበት ሳይሆን በስክሪኑ ውስጥ ያለች አነስተኛ የመረጃ ማስቀመጫ ከብዙ አገልግሎት የተነሳ በማለቋ ነው። የዚህች ዕቃ ማለቅ ግን የኋላ ካሜራውንና የመስታወት እርጥበት ማጥፊያውን ይዞ የሚሄድ ነበር።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር ዘይትና የጭስ ማውጫ የለውም። የሚሽከረከሩ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ኃይሉን ለባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራ እንኳ ቶሎ አያልቅም። የጀርመን የአውቶሞቢል ማኅበር ኤ.ዲ.ኤ.ሲ እ.ኤ.አ በ2025 ይፋ ባደረገው መረጃ ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ከተመዘገቡ ተሽከርካሪዎች መካከል በየ1 ሺህ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች 4 ነጥብ 2 ብልሽት ሲመዘገብ በነዳጅ በሚሠሩት ላይ የተመዘገበው 10 ነጥብ 4 ነው። በመንገድ ላይ ከሚያስቆሙት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ደግሞ በሁለቱም ዓይነት ተሽከርካሪዎች ላይ ያለው ተራው ባለ12 ቮልት ባትሪ ነው። በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ይህ ትንሽ ባትሪ ከደከመ ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ተሽከርካሪው አይነሳም፤ በአንዳንዶቹም በሩ በተለመደው መንገድ አይከፈትም። ለረጅም የመስክ ሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ ሲወጡ አውቶሞቢላቸውን ለሳምንታት አቁመው የሚሄዱ የሥራ ኃላፊዎች ሲመለሱ የሚገጥማቸው ችግር በብዛት ይህ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የባለንብረቶች ተሞክሮ ሌላ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ጉዳይ ቻርጅ ማድረግ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በቦሌ መገናኛ መንገድ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፍቶ ክፍያውን በቴሌብር እንዲሆን አድርጓል፤ ሌሎች ጣቢያዎችም ተከትለዋል። ሆኖም በግቢው ቦታ ያለው ሰው ተሽከርካሪውን በብዛት ቻርጅ የሚያደርገው ሌሊት በቤቱ ነው። ከተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ16 አምፔር የሚገኘው ኃይል 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ብቻ በመሆኑ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ለሚይዝ ትንሽ አውቶሞቢል ግን አንድ ሌሊት ይበቃል። ባለ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ጊዜውን በግማሽ ቢያሳጥርም የቤቱ ቆጣሪና የመስመሩ ሽቦ ያንን ጭነት መቻል አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች አስቀድመው የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ብዙ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ መኖሩን ሳያረጋግጡ ሥራ አይጀምሩም። በጉለሌና በሌሎችም ነባር ሰፈሮች የሚገኙ አሮጌ ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ሽቦ የላቸውም፤ ወይም ተዘርግቶ ሳለ ከመሬት ጋር በትክክል አልተገናኘም። ባለንብረቱ አውቶሞቢሉ ተበላሽቷል ብሎ ሲጨነቅ ችግሩ የቤቱ የመስመር ዝርጋታ ሆኖ ይገኛል። መብራት ሲቆራረጥም እንዲሁ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል፤ የአንድ ሰፈር መብራት የሚወሰነው ግን በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በማከፋፈያው መስመር ጭምር ነው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሠራተኛ ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፤ ከአራተኛ ፎቅ ሽቦ ማውረድ አይችልም፤ የጋራ ቆጣሪውን ለመጠቀምም ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር መስማማት አለበት።

ሁለተኛው ቅሬታ የሚነሳው በጉዞ ርቀት ላይ ነው። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የሚመጡ አውቶሞቢሎች ላይ የሚጻፈው ርቀት በዚያው አገር የፍተሻ ዘዴ የተለካ ሲሆን በእውነተኛ መንገድ ላይ ከሚገኘው ከፍ ያለ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው አውቶሞቢል ከ350 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንደ ብልሽት መቆጠር የለበትም።

የዊንጌት፣ የሩፋኤልና የሽሮ ሜዳ ዳገቶች ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ያስቸግራሉ የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም ማለት ይቻላል። በ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ምንም አያጣም። ሁለት ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል 500 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት በስሌት ተጨማሪ 2 ነጥብ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከሞተሩ ብክነት ጋር 3 ቢባል ከ60 ውስጥ 5 በመቶ ነው። ቁልቁል ሲመለስ ከዚህ ግማሹንና ከዚያ በላይ መልሶ ያገኛል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ሌሊቱን ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ መሐል ከተማ ሲወርድ ባትሪው ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው በሞተር የሚደረገው ፍሬን ይዳከማል፤ ሥራው ሁሉ በተለመደው ፍሬን ላይ ይወድቃል። በ90 በመቶ ማቆም ይህን ያስቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው የዋናው ባትሪ ጉዳይ ነው። ስጋቱ ከእውነታው ይልቃል። በልዩ ልዩ አገሮች በብዙ ሺህ ተሽከርካሪዎች ላይ የተደረጉ ክትትሎች ባትሪ በዓመት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ አቅም እንደሚቀንስ ያሳያሉ፤ ብዙ አምራቾችም የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። አያያዙ ግን እንደ ባትሪው ዓይነት ይለያያል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ለዕለት ተዕለት ሥራ ከ80 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ግን ቀሪውን ኃይል በትክክል እንዲቆጥር አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት አለበት። ስለዚህ ጎረቤት የሰጠውን ምክር ከመቀበል በፊት የራስን ባትሪ ዓይነት ማወቅ ይቀድማል። ለአዲስ አበባ የበለጠ የሚያሰጋው ባትሪው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ የተቆፈረ መንገድ፣ የተነሳ ኮብልስቶንና ከልክ ያለፈ የፍጥነት መቀነሻ ሊመታው ይችላል። ከሥር የደረሰ ምት ከውጭ ጭረት ብቻ ቢመስልም ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ይህ ሁሉ ታልፎ አውቶሞቢሉ በእርግጥ ሲበላሽ የባለንብረቱ ፈተና ይጀምራል። ወደ አገር ውስጥ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ለቻይና ገበያ የተመረቱት አይዲ 4 እና አይዲ 6 የተባሉ የፎልክስዋገን አውቶሞቢሎች፣ በነጋዴዎች በኩል የመጡ ናቸው። ስክሪናቸው በቻይንኛ ይናገራል፤ ሶፍትዌራቸው የሚታደሰው በቻይና ኔትወርክ ነው፤ ዋስትናቸውም በተሸጡበት አገር ይቀራል። የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይና ደረጃ የሆነው ጂቢ/ቲ በመሆኑ የአውሮፓውን ሲሲኤስ ብቻ በያዘ ጣቢያ ፈጣን ቻርጅ ማድረግ አይችሉም። የመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ፈቃድ የሌለው ጋራዥ የብልሽቱን ኮድ ማንበብ ቢችል እንኳ የተተካውን ዕቃ ከአውቶሞቢሉ ጋር ማስተዋወቅ ይሳነዋል።

አምራቹ ራሱ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ የአሜሪካው ፊስከር አሳይቷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ ሰኔ 2024 ለኪሳራ ሲያመለክት ኦሽን የተባለውን አውቶሞቢሉን የገዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ መለዋወጫና ያለ ሶፍትዌር ድጋፍ ቀሩ። ባለንብረቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ዕቃ ማፈላለግና የሶፍትዌሩን አሠራር መፈተሽ ያዙ። በቻይናም በርካታ አምራቾች ባለፉት ዓመታት ከገበያ ወጥተዋል፤ ዋጋው ረክሶ የሚቀርብ አውቶሞቢል አንዳንዴ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሥሪያ ቤታቸው ግዥ የሚፈጽሙ ኃላፊዎች በጨረታ ሰነድ ላይ የሞተር ጉልበትና የመቀመጫ ብዛት መጻፍ ለምደዋል። ከላይ የተነሱት ተሞክሮዎች ግን ሌሎች ነጥቦችን ይጠይቃሉ፤ የባትሪ ዋስትናው በኢትዮጵያ ውስጥ የሚጸና መሆኑ፣ የባትሪው አቅም ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ ዋስትናው እንደሚሠራ፣ የመሰኪያው ዓይነት፣ የስክሪኑ ቋንቋ፣ የመመርመሪያ መሣሪያው ከተሽከርካሪው ጋር አብሮ መቅረቡ። ያገለገለ አውቶሞቢል ሲገዛ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሚያሳየው ይልቅ በመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚነበበው የባትሪው የጤና መጠን ዋጋውን ይወስናል።

የጥገና ባለሙያ ጉዳይ ወደ ዊንጌት ይመልሳል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተከፈተውና በብሪታኒያዊው ጄኔራል ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ በቴክኒክና ሙያ ወጣቶችን ያሠለጥናል። ከእንደዚህ ዓይነት ተቋማት የሚወጣ መካኒክ ካርቡሬተር ከመፍታትና ባሊስትራ ከመቀየር አልፎ 400 ቮልት የተሸከመን መስመር ያለ አደጋ ማቋረጥ፣ ኢንቨርተር መፈተሽና ከባትሪው ክፍሎች የደከመውን ለይቶ ማውጣት ይጠበቅበታል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ሽቦ ከመንካቱ በፊትም ኃይሉን አቋርጦ፣ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ጠብቆና የጎማ ጓንት አጥልቆ በመስመሩ ላይ ምንም ቮልት አለመቅረቱን መለካት አለበት።