ሠርቶ የሸሸው ተማሪ

ኮምቦልቻ ያላችሁ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች፣ ስለ «ፍራንከንስታይን» ልብ ወለድ ጻፍልን ስትሉ ከርማችኋል።

ፊልሞቹ ቪክቶር ፍራንከንስታይንን ዶክተር ያደርጉታል። በመጽሐፉ ግን እንደ እናንተ ተማሪ ነው፤ ጀርመን አገር፣ ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ። ከሬሳ የለቃቀመውን አካል ገጣጥሞ ሕይወት ዘራበት። ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠ ሌሊት መልኩ አስደንግጦት ጥሎት ሸሸ፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። ብዙ ሰው ታሪኩን በአምላክ ሥራ የገባ ሰው ቅጣት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ አልስማማም። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ የምትከሰው ሠርቶ መሸሹን ነው ብዬ አምናለሁ።

እሷ መተውን ታውቀዋለች። እናቷ በ1797 እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች። በ1815 ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጇን ቀበረች። በዓመቱ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ይህን ታሪክ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ በ1818 ሲታተም ስሟ አልወጣበትም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍጡሩ ክፉ ሆኖ አልተነሣም። ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጥግ ተደብቆ፣ ሌሊት ሌሊት እንጨት እየለቀመ በራቸው ላይ ያኖርላቸዋል። ሲያወሩ እያዳመጠ ቋንቋ ተማረ፤ ሚልተንን፣ ፕሉታርክንና ጎተን አነበበ። አንድ ቀን ዓይነ ስውሩ አባት ዴ ሌሲ ብቻቸውን ሲሆኑ በሩን አንኳኳ። አዛውንቱ ግባ አሉት፤ እንደ ሰው አናገሩት። ልጃቸው ፌሊክስ ግን ደርሶ በዱላ ቀጠቀጠው። መንገደኛ ሳይቀር «ኑ፣ ቡና ጠጡ» በሚባልበት በእኛ ወሎ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ያማል።

ግድያው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ፍጡሩ የቪክቶርን ታናሽ ወንድም ዊልያምን ገደለ፤ ምንም የማታውቀው የቤታቸው አገልጋይ ጀስቲን በእሱ ደም ተከስሳ ተሰቀለች። ቪክቶር ገዳዩን እያወቀ ዝም አለ። መጽሐፉ ውስጥ በጣም ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

ሠርቶ መሸሽን ሳስብ መቅደላ ትዝ ትለኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያንን ያሠሯቸው «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ለወራት ጎተተው፤ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። መድፍ ነፍስ የለውም፣ አውቃለሁ። በጥማታቸው ግን ቪክቶርና ንጉሡ ይመሳሰላሉ፤ ላሰቡት ነገር የሰው ድካም አይታያቸውም። ሆኖም ቴዎድሮስ ያሠሩትን ጥለው አልሸሹም፤ ሸክሙን አብረው ተሸከሙ።

ማንበብ ለምትጀምሩ፦ መግቢያው ላይ ያሉት የካፒቴን ዋልተን ደብዳቤዎች ከከበዷችሁ፣ በ1831 እትም ከምዕራፍ 11 እስከ 16 ያለውን አስቀድሙ፤ ፍጡሩ በራሱ አንደበት የሚናገረው እዚያ ነው። በኋላ ግን ወደ ዋልተን ተመለሱ። ሰሜን ዋልታን ፍለጋ ወጥቶ መርከቡ በበረዶ ሲታገት፣ የመርከበኞቹን ልመና ሰምቶ ወደ አገሩ የዞረ እሱ ነው።